ጓደኛሽና ፍቅረኛሽ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ይደረጋል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጸጉር ቤት አለኝ። ሙሽራና ሚዜ አዘጋጃለሁ፣ ሹሩባ እሠራለሁ። ሴት ልጅ ጸጉሯን ለሰው እጅ ስትሰጥ ወሬውም አብሮ ይመጣል፤ ብዙ እሰማለሁ። ከምሰማው ሁሉ አንጀቴን የሚበላው የልብ ጓደኛዋ ከፍቅረኛዋ ጋር የሆነችባት ልጅ ነገር ነው። እኔም ደርሶብኛል። ከልጅነት ጀምሮ አንድ ማበጠሪያ የተጠቀምን፣ እናቶቻችን አንድ ዕድር ያሉ፣ እሷ ቤት ሳድር ማንም «የት አደርሽ?» የማይለኝ ጓደኛ ነበረችኝ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ላለችው ልጅ ነው። ወንድ ሆነህ ጓደኛህ እንዲህ ካደረገህም አብዛኛው ላንተም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር እኛ ጋ ጸጉሯ የሚጎተተው ጓደኛዋ ናት። ለእሱ «ወንድ ነው፣ ተሳስቶ ነው» ይባልለታል፣ ሽማግሌ ይፈለግለታል። እሷ ግን ባለጌ ተብላ ሰፈር እስከ መቀየር ትደርሳለች። ይህ ፍርድ አይደለም። ሁለቱም አድርገውታል፤ አገባሻለሁ ብሎ ቃል የገባልሽ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጉዳይ ለየብቻ ያዢው። የእሱ ቁስል ቶሎ ይሽራል። የሷ ነው የሚቆየው፤ ምክንያቱም ሌላ ጊዜ ሐዘንሽን ሮጠሽ የምትነግሪያት እሷ ነበረች።

አረጋግጪ፣ ግን ስልክ አትበርብሪ

ደሴ ሰው ይተዋወቃል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ካፌ ከታዩ በሳምንቱ «ተጫጭተዋል» ይባላል። ወሬ ያመጣችልሽን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ «በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ሰምተሽ ነው?» ሰምቼ ነው ካለችሽ አመስግነሽ ሸኛት። ወሬውን ለሌላ ሰው አታሳልፊ።

የእሱን ስልክ ከፍተሽ የተጻጻፉትን ማንበብ አልመክርሽም። አንዴ ያነበብሽው አይጠፋልሽም። የጠራበትን የቁልምጫ ስም፣ የላከላትን ሰዓት በቃልሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ። ጠባይ ከስልክ በላይ ይናገራል። የእኔ ጓደኛ ድሮ እሱን አብራኝ ታማው ነበር። አርፍዶ ሲመጣብኝ ከእኔ ብሳ የምትናደደው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ቤቷ ቡና እየጠጣን፣ ቶና ላይ ደርሰን፣ ስለ እሱ ማማረር ጀመርኩ። ዝም አለች። የሲኒውን አፍ በጣቷ እየዞረች «እሱ እኮ አዲስ ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። አዲስ ሥራ መጀመሩን ለእኔ አልነገረኝም ነበር። በረካውን ሳልጠጣ ተነሥቼ ሄድኩ።

እንዲህ ያለውን ነገር ልብ በይ። ስለ እሱ አንቺ የማታውቂውን ካወቀች፣ ስሙን መጥራት ካቆመች፣ ድንገት ጠበቃው ከሆነች ያን ጊዜ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ቀድመሽ የምታናግሪው እሷን ነው

ብዙ ሰው «መጀመሪያ እሱን ያዢው» ይላል። እኔ አልስማማም። እሱን ቀድመሽ ከጠየቅሽው አንቺ ከበሩ ሳትወጪ ይደውልላታል። እሷ ዘንድ ስትደርሺ ሁለቱ የተስማሙበትን ነው የምትሰሚው። እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ስትዋሽ ድምፅዋ ምን እንደሚሆን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቦታውን አስቢበት። ቤቷ አትሂጂ፤ እናቷ አለች። ካፌ አይሆንም፤ አስተናጋጁ ሳይቀር ይሰማል። አንዳንዶቹ ራቅ እንበል ብለው ሐይቅ ይሄዳሉ። ሐይቁ ዳር ለማውራት ደስ ይላል፣ ግን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተላቅሳችሁ ስታበቁ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግታችሁ መመለስ አለ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መኪና ውስጥም አትጀምሩት። የሐረጎ ጠመዝማዛ ብቻውን ሆድ ያገለብጣል።

እኔ የምመክረው በእግር መሄድን ነው። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር በሚወስደው መንገድ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን ስትሄዱ ፊት ለፊት አትተያዩም፤ የከበደው ቃል ቶሎ ይወጣል። ስትጨርሱ ደግሞ እያንዳንዳችሁ በባጃጅ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሳይወርድ፣ በቀን ይሁን። ሲመሽና ሲበርድ ሰው ይቸኩላል፣ ወሬውም በግማሽ ይቀራል።

የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው። አሁንም አብራችሁ ናችሁ? መቼ ተጀመረ? ሌላ ማን ያውቃል? ሦስተኛውን አትርሺ። በማግሥቱ ከማን ጋር ምን እንደምታወሪ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። «ከእኔ ምን ጎድሎ ነው?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ይጎዳሻል፤ አብዛኛውም እውነት አይደለም።

«ልነግርሽ ነበር» ትልሻለች። የእኔዋም ያለችው ይህንኑ ነው። እውነቷን ሊሆን ይችላል። እመኛት፣ ግን ይህን እንደ ካሳ አትቁጠሪላት። ካለቀሰች አልቅሳ ትጨርስ። አንቺ ማጽናናት የለብሽም። ስድብ ከአፍሽ ሊወጣ ሲል «ዛሬ ይብቃን» ብለሽ ተለያት። እናቷን የነካ ስድብ በዕርቅም አይነሣም፤ ሲነሣ አላየሁም።

እሱን አንድ ጊዜ ብቻ

ከእሱ ጋር ያለው አጭር ነው። ቤቱ ሄደሽ አታናግሪው፤ ሰው ባለበት፣ በቀን፣ አንድ ጊዜ ይሁን። እንደምታውቂ ንገሪው፣ ዕቃሽን ተቀበይ፣ ቁልፉን መልሺለት። የቴሌብርና የባንክ የሚስጥር ቁጥርሽን የሚያውቅ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ቀይሪው። «ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ» የሚል ወንድ ገጥሞኛል፤ ለዚህ ቃል መልስ አያስፈልገውም።

አብራችሁ ተኝታችሁ ከነበረ ጤና ጣቢያ ሂጂና የኤችአይቪ ምርመራ አድርጊ። የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይመረምራል። የመጀመሪያው ውጤት ነፃ ቢሆንም ከሦስት ወር በኋላ ድገሚው፤ አዲስ የተያዘ ሰው ደም ላይ ቫይረሱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። አፍረሽ አትቅሪ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች እንዳንቺ ያለ ሰው በየቀኑ ያያሉ።

ፎቶሽን እለቃለሁ ብሎ ካስፈራራሽ ዝም አትበዪ፣ አትለማመጪውም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ ወንጀል ነው። መልእክቱን ሳታጠፊ፣ ስክሪን ሾት ይዘሽ፣ የምታምኚውን ሰው አስከትለሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ። ይኸው ሕግ አንቺንም ይመለከታል። በንዴት ቲክቶክ ላይ ወጥተሽ ስሟን እየጠራሽ፣ ፎቶዋን እያሳየሽ ብታዋርጃት ተጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ቪዲዮው ደግሞ አንቺ ብታጠፊውም ሰው ስልክ ላይ ይቀራል።

አንድ ክፍል የምትጋሩ ከሆነ

ኮምቦልቻ ላይ ይህ ነገር ይበዛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ለሥፌት ሥራ ሲገቡ ቤት የሚከራዩት በደባል ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ አንድ ስቶቭ። አንዷ ሺፍት ስትገባ ሌላዋ ቤት ትቀራለች፤ ልጁ ደግሞ ሁለቱንም ለመጠየቅ ይመጣል። እንዲህ ተጀምሮ የመጣብኝ ነገር ብዙ ነው።

በዚያው ሌሊት ሻንጣሽን ይዘሽ አትውጪ። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ባይበርድም ሌሊት ሌሊት ነው። ጠዋት አከራይዋን አናግሪያት። ምክንያቱን አትንገሪያት፤ «በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ» በያት። የቤት ኪራዩን እስከዚያ ቀን ድርሻሽን ክፈይ፤ በኋላ «ዕዳ ጥላብኝ ሄደች» እንዳትባይ። አብራችሁ የገዛችሁትን ዕቃ በሦስተኛ ሰው ፊት ተካፈሉ። በጀሪካንና በስቶቭ መጣላት ያሳፍራል፣ ግን ሰው የሚጣላው በሱ ነው። እስከዚያው ሺፍት እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። ቢያንስ አንድ ላይ አታድሩም።

ዕቁብ አብራችሁ የምትጥሉ ከሆነ ዕቁቡን አታቋርጪ። ያልወጣላት ሌላ ሴት ትጎዳለች። ብሩን በዳኛው በኩል ላኪ፣ ዕጣውንም በእሱ በኩል ተቀበይ።

በሌላ ሴት ላይ ሲደርስ ያየሽው አንቺ ከሆንሽ

ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ ከጂዳ ተመልሳ ጸጉር ቤቴ መጣች። እጮኛዋን ልታገኝ ነው፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። ጸጉሯን ታጥባ ቢጉዲ እየጠቀለልኩላት ሳለ ስልኳን ወደ ኋላ ዘርግታ «እይልኝ፣ እጮኛዬ ነው» አለችኝ። አየሁት። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ወር ሙሽራዋን ለኒካዋ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሊወስዳት የመጣው እሱ ነበር። ሙሽራዋ ደግሞ ይቺው ልጅ «ጓደኛዬ ናት፣ ገንዘብ የምልከው በሷ በኩል ነው» ስትለኝ የቆየችው ነበረች።

ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አላስገባኋትም። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት የራሷ ድምፅ አይሰማትም፤ ሳታውቀው ትጮኻለች፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ሌሎቹን ደንበኞች ለረዳቴ ሰጥቼ ጓዳ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ፣ ሻይ ቀዳሁላት። «እህቴ፣ ይህን ሰው ባለፈው ወር ሙሽራ ሆኖ አይቼዋለሁ» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። «ማንን አገባ?» ስትለኝ ብቻ ስሟን ነገርኳት። ቢጉዲው ጸጉሯ ላይ እንዳለ ቁጭ አለች። ወንድሟ እስኪመጣ አብሬያት ተቀመጥኩ። ዛሬ የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።

ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። በአካል፣ ለብቻዋ፣ አንድ ጊዜ። ግምትሽን አትጨምሪበት፤ «እኔ ድሮም ታውቆኝ ነበር» አትበያት። ከነገርሻት በኋላ ጥለሻት አትሂጂ፤ የሷ የሆነ ሰው እስኪመጣ ጠብቂ። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው አትድገሚው።

ዓረብ አገር ላለሽው እህቴ

ከወሎ ስንቷ ልጅ ናት ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት ሰው ቤት የምትለፋው። እጮኛዋ ቤት ይሠራልን ብላ ትልክለታለች፣ ጓደኛዋ ትከታተልልኝ ትላለች። ፍቅርና አደራ ገንዘብ ሲደባለቁ ክህደቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ምንም ሳይፈጠር ይህን አድርጊ። ባንክ ውስጥ በራስሽ ስም ሒሳብ ክፈቺና ብሩ እዚያ ይግባ። ለሰው ስትልኪ ደረሰኙን ያዢ፤ ለምን እንደላክሽም በጽሑፍ መልእክት ላኪለት፣ «ለቦታ ግዢ» ብለሽ። የድምፅ መልእክት ብቻ ሲሆን ስልክ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ቦታ ወይም ቤት ከተገዛ ውሉ ላይ የማን ስም እንዳለ የወረቀቱን ፎቶ አስልኪና በዓይንሽ እይ።

ውክልና ሰጥተሽ ከሆነ፣ የሰጠሽው ሰው ቢከዳሽ፣ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ትችያለሽ። ባለሽበት አገር ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሂጂ። መሻሩን ለተወካዩ አሳውቂ፤ ውክልናው የሚሠራበት ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ቅጂው ይድረሰው። ካላወቁ በአሮጌው ወረቀት ሊያስተናግዱት ይችላሉ። ከስልክ ጭቅጭቁ በፊት ይህን ጨርሺ። ስታለቅሺ ያወቀ ሰው ቀድሞሽ ባንክ ይሄዳል።

እናቶችና ሽማግሌዎች

እናቶቻችሁ ወዳጅ ከሆኑ ጠቡ ወደ እነሱ እንዳይሻገር አጥር አድርጊ። እኔ እናቴን «እማ፣ እኛ ተጣልተናል፤ እናንተ ቡናችሁን እንዳትተዉ» አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ። «ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ» አልኳት። እናቶቹ ዛሬም አብረው ይጠጣሉ። ሐዘን ሲመጣ ዕድሩ አንድ ድንኳን ነው የሚተክለው፤ ያን ቀን ሁላችንም እዚያው ነን።

ሽማግሌ የሚያስፈልገው ገንዘብ ወይም ዕቃ ካለ፣ ወይም ወንድሞችሽ ዱላ ካነሡ ነው። ወሎ በዚህ የታደለ አገር ነው። ሼኩና ቄሱ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያስታርቃሉ፤ በዱዓና በምርቃት ይዘጋሉ። ግን ከመቀመጣቸው በፊት ምን እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። «ብሬ ይመለስ፣ ስሜ አይነሣ፣ ወንድሞቼ አይጣሉ» በያቸው። ይህን ካላልሽ ከእሱ ጋር ሊያስታርቁሽ ይሞክራሉ፤ ልማዳቸው ነው። ከእሱ ጋር መታረቅ ካልፈለግሽ አሻፈረኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ለይቅርታ ጊዜ ስጡኝ ማለትም ትችያለሽ። ደጉ ሽማግሌ ይረዳሻል።

ሌሊቱን ደግሞ ተጠንቀቂ። ትዝታን፣ አምባሰልን፣ ባቲን የወለደ አገር ልጆች ነን፤ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ዘፈን ከከፈትሽ እጅሽ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ተኚ። እህት ወይም የአክስት ልጅ ካለችሽ ለጥቂት ቀን አብራሽ ትደር።

የጓደኛሽን ሰው የወደድሽው አንቺ ከሆንሽ

እንዳንቺ ያሉትም ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል። አልጠላኋቸውም። ልብ ሳይታዘዝ ይሄዳል፤ እግር ግን ያለ ፈቃድ አይሄድም። ምንም ሳይፈጠር ከሆነ ያወቅሽው ከልጁ ራቂ። ሦስታችሁ የምትገናኙበትን ቀጠሮ ተዪው። እሱም እንደ አንቺ ከሆነ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ያለውን ይጨርስ፤ በግልጽ፣ በአካል። ከዚያ በኋላ አንቺ ሂጂና ከሌላ ሰው ሳትሰማ ንገሪያት። «ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው» አትበያት፤ ያን ሸክም በሷ ላይ መጫን ነው። «ከእኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው» በቂ ነው። በዚያው ቀን ይቅርታ እንድታደርግልሽ አትጠብቂ። አደባባይ ላይ ከእሱ ጋር ከመታየትሽ በፊት ወራት ይለፉ። ቢያንስ ፒያሳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ አትለፉባት።

ጓደኝነቱ ይመለሳል?

አንዳንዴ። የእኔዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ አባቴ ያረፈ ዕለት መጣች። እንግዳ ሳትሆን በቀጥታ ጓዳ ገባች። ማንም ሳያዛት ቡና ቆላች፣ ሲኒ አጠበች፣ ሠልስቱ እስኪወጣ አልተለየችም። ስለ እሱ አንድ ቃል አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ዛሬ ሰላም እንባባላለን፣ በበዓል እንጠያየቃለን። ሚስጥሬን ግን አልነግራትም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ሰው «ታርቃችኋል?» ሲለኝ አዎ እላለሁ።

እንድትመልሻት የምመክርሽ ሦስት ነገር ካየሽ ነው። ያደረገችውን በራሷ አፍ፣ ሳትሸፋፍን ካመነች። ለሰው ስታወራ አንቺን ጥፋተኛ ካላደረገች። ስትርቂያት ካልተቆጣችሽ። አንዱ ከጎደለ ሰላምታው ይበቃል።

ሰርጋቸው ከደረሰ፣ በጥር ይሁን ከረመዳን በኋላ፣ የጥሪ ካርድ ሊመጣሽ ይችላል። መሄድ ግዴታሽ አይደለም። ካርዱን አትቅደጂ፣ ፎቶ አንሥተሽም ለሰው አትላኪ። ቤተሰብሽ መሄድ ካለበት እናትሽ ትሂድ፤ ስጦታው በሷ ስም ይሁን። አንቺ ያን ዕለት ለሥራ ቦታሽ ቀድመሽ አሳውቂና ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ውረጂ። ማታ ሰርገኞቹ በመኪና ጡሩምባ እያሰሙ ከተማውን ይዞራሉና አዳርሽን እዚያው አድርጊው።